የውሃ ልክ

ጉማራ ጣና ሲገባ፣ ከናበጋ ማዶ፣
ቁጥር ያለው ብረት ቆሟል፣ ደለል ውስጥ ወርዶ፤
እኔ ነኝ አንባቢው፣ ጧት አንዴ፣ ማታ አንዴ፣
ወንዙን በሳንቲም ቆጥሬ፣ እጽፋለሁ እንደ ነጋዴ።
ስድስት ክረምት ሙሉ። አንድ ቦቲ፣ አንድ ባትሪ፣
ከባሕር ዳር ቢሮ፣ አንድ ጎረምሳ ጠሪ፤
«ጋሽ በዜ፣ ስንት ገባ?» ይለኛል በጥድፊያ፣
ቁጥሬን ይቀበላል፣ ይዘጋዋል ወዲያ።

ሩዛችን እስከ ጉልበት፤ ማዳበሪያው በብድር፤
«ዘንድሮስ ይከፈላል» ይባል ነበር በየበር።
ለቡሄ ዋዜማ፣ ልጆች ጅራፍ ሲያጮሁ፣
ሰማይ ሲመልስላቸው፣ እኔ ጅሉ ሳቅሁ።
ከዚያ ነፋሱ መጣ፣ ከጣና ተንከባሎ፣
ሐይቁን እንዳለ፣ እንደ ሕፃን ጀርባው ላይ አዝሎ።
በረዶው ቆርቆሮውን ፈጀው፣ ደበደበው፤
እናኑ ጆሮዋን ጥላ፦ «ይህ ዝናብ አይደለም፣ ወንዙ ነው።»

እኔ ደብተሬን በፌስታል ጠቅልዬ፣
ወረድኩ ወደ ብረቱ፣ ሥራዬ ነው ብዬ።
ሦስት ሜትር ከሃያ።
ሦስት ሜትር ከዘጠና።
ለሦስተኛ ስመለስ፣ ብረቱ የለምና
ባትሪዬን አበራሁ፣ ቁጥር ባለቀበት፤
ውሃ። ከውሃው በላይ ሌላ ውሃ ያለበት።

ስልኩ ጮኸ። ልጁ ነው። «ጋሽ በዜ፣ ስንት ገባ?»
«እስከ ጉልበቴ» አልኩት፣ ልቤ እየተባባ።
«ልኩን፣ ልኩን ይንገሩኝ! በሜትር ይንገሩኝ!»
«ልክ የለውም ልጄ፣ ሜትሩ ሰጠመብኝ!
እስከ ወገቤ በል። አይ፣ ቆይ፣ እስከ ብብት…»
ስልኬም ውሃ ጠጣ፣ ቃሌን ሳልጨርስበት።

ቤት ስደርስ፣ እናኑ ቆጥ ላይ ወጥታለች፤
ውዳላትን በመቀነት፣ ምሰሶው ላይ አስራለች።
የሩዙ ጆንያ አብጦ ይንሳፈፋል፣
ሰፌዱ ዶሮ ጭኖ፣ በመስኮት ይቀዝፋል።
ሳያንኳኳ የገባ፣ አንድ አምባዛም ነበር፤
ቤት እንደሚከራይ ሰው፣ ጓዳውን ዞሮ አይቶ፣ ቆመ በር።
ልጄ ሳቀች።
ሌሊቱን ያቺ ሳቅ አሻገረች።

ጎረቤታችን አለነ፣ ከዋርካው ላይ ይጣራል፤
«አላችሁ?» ሲል «አለን!» ስንል፣ ዝናቡ ቃሉን ይቆርጣል።
«አላችሁ?»
«አለን።»
«አላችሁ?»
«አለን።»
ሊነጋጋ ሲል ግን፣ ዝም አለ ዋርካው፤
እኛ ጀመርን ያኔ፣ በስሙ ልንጠራው።
«አለነ! አለነ!» እያልን እስኪነጋ፤
የሰማን ባለ ጀልባ፣ «አለን» ያልን መስሎት ተጠጋ።
በስሙ ዳንን እኛ። እሱን በሦስተኛው ቀን፣
ደንገሉ ውስጥ አገኘነው፣ እምቦጩን ገለጥ አድርገን።
ገመዱ በእጁ አለ፤ በሬው ግን ተፈትቶ፣
ቆሞ ያመነዥካል፣ ደረቅ ላይ ወጥቶ።

ወረታ ትምህርት ቤት፣ ሦስተኛ «ሀ» ክፍል፣
ሠላሳ ሁለት ሰው ሆነን፣ አንድ ምንጣፍ ስንካፈል፣
ሰሌዳው ላይ ቀርቶ ነበር፣ ከሰኔ የተረፈ ሒሳብ፤
«አንድ ገንዳ በስንት ሰዓት ይሞላል?»
ማንም አላጠፋውም። ማንም አልደፈረም ለማሰብ።

መስከረም ላይ ልጁ መጣ፣ አዲስ ብረት ጭኖ፣
ካለፈው የረዘመ። እሱ ቀጭን፣ ጫማው ጭቃ ሆኖ።
ግድግዳዬ ላይ ያለውን፣ የደለል መስመር ለካ፤
ጻፈ። ሰረዘ። ጻፈ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር ለካ።
«ስልኩ ሲቋረጥ» አለ፣ «እስኪነጋ ደወልኩኝ፤
‹የደወሉላቸው ደንበኛ…› የምትለዋን ሴትዮ ጠላሁኝ።»

ለፋሲካ እናኑ፣ ግድግዳውን ስትለቀልቅ፣
ያን አንድ ስንዝር መስመር፣ «ተይው» አልኳት፣ «አይልቀቅ።»
በየቡሄው ውዳላትን፣ እዚያው አስጠግቼ፣
አቆማታለሁ፣ መዳፌን አናቷ ላይ ዘርግቼ።
ተረከዟን ታነሣለች፤ «ልክ አይደለም» እላታለሁ።
ሁለት ጣት ይቀራታል። ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ።